ሽቅብ የማትሠራ ላስቲክ

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ ዘጠና ብር ነው። ዘጠና ብር ምን ይገዛል እንዳትሉኝ፤ በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ገበያ ሁለት ደህና በግ ያስጎትታል። እኔ ግን ዘጠና ብሬን የከፈልኩት ለበግ አይደለም፤ ሲቃጠል ቆሜ ለማየት ነው።

በዚያን ጊዜ በርበሬ እነግድ ነበር። በርበሬው ከአልዩ አምባ በአህያና በበቅሎ አቀበቱን ይወጣና አንኮበር ላይ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚመላለሱት ሦስት መኪኖች ነበሩ። ታሪፉን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ በኩንታል ሦስት ብር። ከዚያ ማስወደድ ያሳስራል፤ ማርከስ ደግሞ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ባለመኪኖቹ ደንበኛ የሚሻሙት በሰላምታ ብቻ ነበር፤ የሰላምታ ብዛት፣ የእናትህን ጉልበት ሳይቀር ይጠይቁሃል።

ከሦስቱ አንዷ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ሃምሳ ኩንታል የምትጭን አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ቀረችላቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከፊደል ይልቅ ኩንታል ቆጥረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ እኔም የተማርኩት ገበያ መሐል ስለሆነ ቶሎ ተግባባን።

እትዬ ያደረጉት፣ የገበያውን ምርቃት መኪና ላይ ማውጣት ነው። አንድ ጣሳ በርበሬ የሸጠች ሴት እላዩ ላይ እፍኝ ትመርቅ የለ? እሳቸውም አሥር ኩንታል ከፍለህ ባስጫንክ ቁጥር፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠችና በጋለ ብረት የተተኮሰች አንዲት ቁራጭ ይሰጡሃል። ያቺን ይዘህ ስትመጣ አንድ ኩንታል በነጻ ይጫንልሃል። እኛ ላስቲክ አልናት። የታሪፍ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ቢያገላብጧት፣ እትዬ፣ «ምርቃት ናት። ለምርቃትም ታሪፍ ወጥቶለታል እንዴ?» አሏቸው። አልወጣለትም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ መኪኖች ፀሐይ ሲሞቁ የእትዬ መኪና ከጭነት ብዛት ታቃስት ጀመር። ሞተሯ መታደስ ነበረበት። ያን ጊዜ እትዬ ሁለት ደንበኞቻቸውን ጠሩ፤ እኔንና የአልዩ አምባውን ሐጂ። ሐጂ በዕድሜም በገንዘብም የሚበልጡኝ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። «ወለድ ሐራም ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የጋራችን ከሆነ ግን አለሁ» ብለው ሦስት ሺህ ብር አወጡ። እኔ ሺህ አምስት መቶ። ሞተሯ ታደሰች፣ ትርፏ ለሦስት እንዲካፈል ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛም ባለድርሻም ሆንኩ። ላስቲክ ባቀረብኩ ቁጥር ከግራ ኪሴ ሰርቄ በቀኝ ኪሴ እንደማስቀመጥ መሆኑ ግን ያኔ አልታየኝም።

ላስቲክ ግን ተወደደች። አንኮበር ያለው ጠላ ቤት ሳይቀር እንደ ገንዘብ ይቀበላት ነበር። እኔ ሠላሳ አጠራቅሜያለሁ። ለሕማማት ሳምንት ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ፋሲካ ሲቃረብ በርበሬ እንደ ወርቅ ይሆናላ። ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የሕማማት ረቡዕ አንኮበር ስደርስ መኪናዋ ልትሞላ ምንም አልቀራት። የእኔ በርበሬ ገና አቀበቱ ላይ ነው። በርበሬው አየሩን ሞልቶት ሹፌሩም ተሸካሚውም ያስነጥሳል። እትዬም አስነጠሱ።

«ይማርዎ፣ እትዬ።»

«መማሩ ይቆይ፤ ይከፈልዎ በለኝ።»

እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ሙሉ ላስቲክ ነው። ሃምሳ ኩንታል ተጭኖ አንዲት ሳንቲም አልተከፈለም። በዓመቱ ትልቁ የገበያ ሳምንት መኪናችን የምትሄደው በነጻ ነው። ሐጂ ራሳቸው ሙስሊም ሆነው ለፋሲካ አሥራ ሁለት ኩንታል በላስቲክ ጭነዋል።

ሹፌሩ፣ «ላራግፈው?» አለ።

«ቃል ነው፤ ይሄዳል። ናፍጣው ከእኔ።»

እዚህ ላይ ነው ሴትዮዋን ማድነቅ የጀመርኩት። የእኔው በርበሬ ቦታ አጥቶ አንኮበር ቀርቶ፣ የሌላ ሰው በርበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ዐይኔ እያለቀሰ ደብረ ብርሃን ገባሁ። የመጨረሻው ኩንታል ወርዶ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ፣ አስቀድሞ ሳይሆን በኋላ፣ እትዬ መኪናዋ መርገጫ ላይ ቆመው ተናገሩ።

«የገባሁትን ቃል ፈጽሜያለሁ። ከዛሬ ወዲያ ላስቲክ ሽቅብ አትሠራም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ቁልቁል ብቻ።»

ጉድ ፈላ።

«ቁልቁል ምን ልንጭን? ወደ ቆላ የሚወርድ ከደብረ ብርሃን ምን አለ? ብርድ?» አለ አንዱ ነጋዴ።

«ብርድ ከሆነማ ያለ ላስቲክም እጭናለሁ» አሉ እትዬ።

የሳቀ የለም። ሳምንቱ ሳያልቅ ጠላ ቤቱ ላስቲክ አልቀበልም አለ። ፀሐይ ሲሞቁ የከረሙት ሁለት መኪኖች ጭነት አገኙ። ደንበኛ ሲሸሽ የማየትን ያህል ባለድርሻን የሚያስነጥስ በርበሬ የለም።

የፋሲካ ማግስት ሐጂ እትዬ ግቢ መጡ፤ እኔም ሄድኩ። ብርድ ስለነበር ከሰል ተያይዟል። ከበሩ ውጭ ላስቲክ የያዙ ደንበኞች ቆመዋል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም ይሰማሉ።

«እትዬ፣ ወላሂ አከብርሻለሁ» አሉ ሐጂ። «ግን ቃሏ የምትለዋወጥ መኪና ላይ ገንዘቤን አላሳድርም። ሦስት ሺዬን።»

ሦስት ሺህ ብር በእትዬ እጅ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ከወጡ መኪናዋ መሸጥ አለባት።

«ይሰጥዎታል፤ ነገ መኪናዋን ለገበያ አወጣለሁ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ቁልቁል ስንወርድ ምን ጭነን ነው?»

«ባዶ።»

«ናፍጣው ግን?»

«ይቃጠላል።»

«አዩ! ሽቅብ የሰጠሁት ምርቃት ከከፋይ ደንበኛ ቦታ የተነጠቀ ነው። ቁልቁል የምሰጠው ከባዶ ላይ ነው። ጥፋቴ ምርቃት መስጠቴ አይደለም፤ መቁጠሬ ነው። እፍኝ ስትመርቅ ማንም አያስቀምጣትም። ስትቆጥራት ግን ዕዳ ትሆንና ሁሉም ባንድ ቀን ይጠይቅሃል።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሺ፣ ቁልቁል ምን ይጫን?»

«እርስዎ አገር ድንች ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

ሐጂ ጣቶቻቸውን ያጥፉ ጀመር። የነጋዴ ጣት ነው፤ ውስጡ ሒሳብ አለ። እህል ቢሆን ኬላ ላይ ይወረሳል፤ ድንች የሚቀማ ግን አልነበረም። ቆይተው ኪሳቸው ገቡና፣ «እንግዲያው የቀሩኝን ላስቲኮች በድንች ልጀምርባቸው» አሉ።

«እርስዎ አይችሉም። ባለድርሻ ላስቲክ አይይዝም። መኪናዋን የሚያምን ድርሻውን ይያዝ፤ የማያምን ላስቲኩን ይዞ ድርሻውን ይልቀቅ።» በእጃቸው ከሰሉን አሳዩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌባ ነሽ!» አሉ ሐጂ፤ እየሳቁ ነው። ከዚያ ላስቲካቸውን ከሰሉ ላይ ዘረገፉት።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከበሩ ውጭ ያሉትም ወደ እኔ። እውነቱን ልናገር፣ ላስቲኩን ልሸሽገው አስቤ ነበር። ግን ሐጂ የጣሉትን እኔ ብይዝ ነገ አልዩ አምባ ማን በርበሬ ያበድረኛል? ሠላሳውንም ጣልኩ። የጎማው ጭስ ግቢውን ሞልቶ ሁላችንንም አስለቀሰን። አንድ ደንበኛ ከውጭ፣ «የውስጥ አዋቂዎቹ ድርሻውን ይዘው ላስቲኩን ካቃጠሉማ መኪናዋ ልትሄድ ነው!» አለ። በማግስቱ ስምንት ኩንታል ድንች ይዞ መጣ፤ ሰባቱን በላስቲክ፣ አንዱን በገንዘብ።

ክረምቱ ሳይገባ ቁልቁለቱ ላይ ቦታ በወረፋ ሆነ። ላስቲኩ አለቀ፣ ድንቹ ግን አላለቀም፤ ያለ ላስቲክ ሦስት ሦስት ብራቸውን እየከፈሉ ይጭኑ ጀመር። ሸሽተው የነበሩትም አንድ በአንድ ተመለሱ፤ አፍረው ሳይሆን፣ ሌሎቹ መኪኖች ቁልቁል ድንች መጫን እንዳለ ገና ስላልታያቸው ነው። እትዬ ለተመለሰ ሁሉ «ጠፋህሳ!» ይላሉ እንጂ የት ነበርክ አይሉም። ብዙ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ደንበኛን አስቀይሞ፣ ባለገንዘብን አስደንግጦ፣ ሁለቱንም ባንድ ከሰል ያሞቀ ሌላ አላየሁም።

በዓመቱ ሒሳብ ተዘጋ። ከድርሻዬ ትርፍ ስድስት መቶ አሥር ብር ደረሰኝ። የተቃጠለው ሠላሳ ላስቲክ፣ በሦስት ሦስት ብር ሒሳብ፣ ዘጠና ብር። የተጣራ፣ አምስት መቶ ሃያ ብር።