የቻይና ፊደል ይዞ ኮሪያ ቤት ሽምግልና

ሰባን ከተሻገርኩ በኋላ ኮሪያኛ ልማር ስነሣ የሳቀብኝ ሰው ሁሉ ልክ ነበር። ሆኖም ምክንያት ነበረኝ። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ አንዲት የኮሪያ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አላናገረውም። ልጁ ሳሎን ሲገባ እሱ ተነሥቶ ይወጣል። አይሰድብ፣ አይቆጣ፤ ዝም ብቻ። ልጅቷም «አባቴ አፉን ከፍቶ ሳያናግርህ ቀለበት አላደርግም» አለች። እህቴ እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ አንተ ሽማግሌ ሆነህ ካልሄድክ ማን ይሄዳል?»

ሌላ ማንም ሊሄድ ይችል ነበር። ያን ማለት ግን የኔ አመል አይደለም። ሽምግልና ለእኔ ንግግር ነው፤ ንግግር ደግሞ ሰሚውን አፉን ማስያዝ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚሰጥ የኮሪያኛ ትምህርት ገባሁ።

አስተማሪያችን ወጣት ኮሪያዊት ናት። ሰላምታ፣ «ይስጡኝ»፣ «የት ነው» ታስተምራለች። የኮሪያ ፊደል ቀላል ነው፤ ብዙም ሳልለፋ የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ናቅሁት። ቶሎ የገባኝን ነገር እንቃለሁ፤ ያልገባኝን ነው የማከብረው። በዚህ ጠባዬ ስንት ዓመት እንደ አዋቂ ተቆጥሬያለሁ!

ከጎኔ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ ፈረንጅ መሐንዲስ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይዞ ይመጣ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ የቻይና ፊደል ተጽፏል። ኮሪያኖች ራሳቸው ሃንጃ ይሉታል። ሰውየው እንደ የኔታ ሆኖ ነበር የሚያስረዳኝ። የኮሪያኛ ቃል ብዙው ጥንት ከቻይና የመጣ ነው፤ ፊደሉን ያላወቀ ሰው በቀቀን ነው፤ ይደግማል እንጂ አይገባውም።

ነገሩስ እውነት ነው። «ሃክ» ማለት መማር ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ተማሪውም፣ ዩኒቨርሲቲውም ይህችን ሃክ ይዘው ይዞራሉ። እኛም «ቤተ»ን ከግእዝ ወስደን መጻሕፍቱንም መንግሥቱንም ሙከራውንም ቤት አስገብተንበት የለ? «ሱ» ደግሞ ውሃም፣ ቁጥርም፣ እጅም ይሆናል፤ የሚለየው የቻይናው ፊደል ነው። ጥሩ ቅመም ነው። እኔና መሐንዲሱ ግን ቅመሙን ወጥ አድርገን በማንኪያ በላነው።

አንድ ቅዳሜ የቻይናውን ፊደል ማጥናት ይጠቅም እንደሆነ አስተማሪዋን ጠየቅኋት።

«ይጠቅማል፤ ግን በኋላ» አለች። «እኛም ብዙ አናውቀውም። ዛሬ የምንጽፈው በራሳችን ፊደል ነው። አባባ፣ መጀመሪያ ሰላምታውን ይልመዱ።»

መሐንዲሱ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። በአገሯ ቋንቋ ሁለት መሃይም ሆነን ሳለ ልጅቷን አብረን ናቅናት።

በሽታውን እኮ አውቀዋለሁ! ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ የፈቃድ ማመልከቻዬን በግእዝ አጭቄ እጽፍ ነበር። አለቃዬ አለመረዳቱ እንዳይታወቅበት ዝም ብሎ ይፈርምልኛል። በዚህ ዓይነት ያገኘሁትን ዕረፍት እንደ ዕውቀት ቆጠርኩት። እናም በረዶው እስኪቀልጥ ብዙ የቻይና ፊደል ለቀምኩ፤ በኮሪያኛ ግን ሾርባ ማዘዝ አልችልም።

ለሽምግልናው ልጅቷን የምንጠይቅበትን ቃል ራሴ በብሩሽ በቻይና ፊደል ጻፍኩ። ወረቀቱ ፖስታ ያስፈልገዋል ብዬ ወደ ኮሪያኖች ግሮሰሪ ሄድኩ። ሁለት ዓይነት ፖስታ ነበር። አንዱ ወርቅ የተቀባ፣ አብረቅራቂ፤ የሚዜ መኪና ይመስላል። ሌላው ጥርት ያለ ነጭ፤ ከላይ ወደ ታች ሁለት ጥቁር ፊደል ብቻ የታተመበት። የታችኛውን አወቅሁት፤ ሥርዓት፣ ጨዋነት የሚል ነው። የላይኛውን ባላውቀውም በግራ ጎኑ የገንዘብ ምልክት አለው፤ እንግዲህ ስጦታ መሆን አለበት ብዬ ፈታሁት። የጨዋ ስጦታ! ገንዘብ ተቀባይዋ ሴት ፖስታውን ስታይ ፊቷ ተለዋውጦ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። አክብሮት ነው አልኩ።

ሦስት ሽማግሌ መሆን ነበረብን፤ ሦስተኛው የሥራ ሺፍት ነበረበት። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ሱቅ ካለው ከወሎው ወዳጄ፣ ከሐጂው ጋር ሄድን። የልጅቷ ወላጆች ቤት ከከተማው ዳር፣ ኒው ሆፕ ነው። በወጉ ጠያቂው ልጅ አይመጣም፤ መኪናውን ድራይቭ የሚያደርግልን ግን እሱ ብቻ ነበር።

«እስቲ በኮሪያኛ ጤና ይስጥልኝ በል» አለኝ ሐጂ መኪና ውስጥ።

«እሱን አልያዝኩትም።»

«ክረምቱን ሙሉ ተምረህ?»

«እኔ የያዝኩት ሥሩን ነው።»

«ሥር የሚይዝ ድንች ነው» አለ ሐጂ።

«አንክል፣ ፕሊስ» አለ ልጁ፣ «በእንግሊዝኛ ብቻ አውራ።»

ጫማ አውልቀን ገባን። እናትየዋ ሶፋውን አሳየችን። እኛ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም፤ ወጋችን ነው። አባትየው እንግዳ ቆሞ እንዴት ልቀመጥ ብሎ ተነሣ፤ ሚስቱም ተነሣች። አራት ጎምቱ ሰዎች አንድ ሳህን የተላጠ ፍራፍሬ ከብበን ቆምን። ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ልጁ የውጪው በር ሥር። አባትየው ወደዚያ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ። አየው። ፊቱ ጠቆረ። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔ ከሱ ዝቅ አልኩ። ሐጂ ከኔ ዝቅ አለ።

«ቻይንኛህ ሠራ» አለኝ እዚያው እንዳጎነበሰ።

አባትየው ቀና ብሎ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጁን አየው።

«ማን ሞተ?» አለው በእንግሊዝኛ።

«ማንም አልሞተም።»

«ይሄ የለቅሶ ፖስታ ነው። እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሥራ ላይ ናት።»

«ታዲያ ማነው?»

«አጎቴ ቻይንኛ ተምሮ ነው።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ስለ ጨዋነቱና ስለ ገንዘቡ ምልክት አፍታትቼ አስረዳሁ። ሰውየው እንደ እብድ አየኝ።

«እኔ ይሄን ማንበብ አልችልም» አለ። «ማንም አያነበውም። ሰው ሲሞት እንገዛዋለን፤ መልኩን እናውቀዋለን፤ በቃ።»

ውስጡ ያለውን የክረምት ልፋቴን አወጣ፤ አገላበጠው፤ ለልጁ ዘረጋለት።

«ምን ይላል?»

«ልጅዎን ለትዳር ይስጡን ይላል።»

«አንተ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ቢያናግሩኝ ኖሮ እጠይቅዎ ነበር።»

ያቺ ልጅ በሩ ላይ የምትተነፍስ አትመስልም። እኔ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ያስቀመጥኩት ምሳሌያዊ አነጋገር ነበረኝና አፌን ስከፍት ሐጂ ኮቴን ጎተተው።

«ዝም በል፤ የሞተ የለም ተባለ እኮ! ምን ታለቅሳለህ?»

«ይኸው አናገርኩህ» አለ አባትየው ለልጁ። «እንግዲህ ራስህ ጠይቅ። በሩ ላይ ሆነህ አይደለም።»

ልጁም በካልሲው ምንጣፉን አቋርጦ መጣ፤ እኔንም በክንዱ ገፋ አድርጎ አልፎኝ፣ አባትየው ፊት ቆመ።