ከትርፊት ደጅ የሚወርደው ውሃ

ትርፊትን ቀበሌ የከሰስኳት እኔ ነኝ። ልደብቀው ብልም አልችልም፤ ሆሳዕና ከተማችን ወሬ አያድርባትም።

ትርፊት ጎረቤቴ ናት፤ ልብስ ታቀልማለች። ሰው የሞተበት ልብሱን ይዞላት ይመጣል፣ በርሜል ውስጥ አፍልታ ጥቁር ታደርግለታለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው በዚሁ ነው። እጣቢው ግን በቦዩ ወርዶ በኔ ደጅ ያልፋል። ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ብቅ ስል፣ ያ ጥቁር ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ቆሜ ሳየው ሳየው፣ እግሬ ተነስቶ የሚከተለው ይመስለኛል። ጎመኔን ገደለችው ብዬ ከሰስኩ።

የቀበሌው ሰው ሁለት ሳምንት ሰጣት። ውሃው ካልጠራ ሥራው ይዘጋል፤ መጥራቱን የምትመሰክረውም ከሳሿ ናት አለ። እሰይ አልኩ በሆዴ።

እሷ መች አርፋ ትቀመጣለች! ኬሚስትሪ የምትማረው ልጇ በስልክ፣ ከሰል ቀለም ይይዛል ብላታለች። መጀመሪያ ገና ከእንሰቱ የተፋቀ ቃጫ ሳታጥብ ከከሰል ጋር ጠቀጠቀችና ውሃው ቆጮ ቆጮ እየሸተተ ወጣ። ማጣሪያ ነው ወይስ እራት ብዬ አሾፍኩባት። እሷ ግን ቃጫውን አጥባ አደረቀች፣ ከሸክላ አፈርና ከከሰል ዱቄት ጋር አቡክታ እንደ እንቁላል አድቦለቦለች፣ በእሳት ተኩሳ ቂጡ በተበሳ በርሜል ሞላችው።

በቀጠሮው ቀን የቀበሌው ሰው መጣ። ጥቁሩን ከላይ ገለበጠችው። ጠበቅን። ጊዜውም አብሮ የሚንጠባጠብ መሰለኝ። በመጨረሻ ከታች አንድ ጠብታ ወረደ፣ ከዚያ ሌላ፤ ጥርት ያለ። የነጠላዬን ጫፍ ነከርኩ፤ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

ሁለቱም እኔን አዩኝ። አሁንም ይሸታል ብል በቃ፣ እንጀራዋ ተዘጋ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ አልክድም።

«ጠርቷል» አልኩ። ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ። «ጎመኑ እኮ አይደለም ትርፊት። በልጄ በሲላስ ሞት ጊዜ ቀሚሴን ያቀለምሽበት ውሃ በደጄ ወረደ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ፤ ያንን ጥቁር ባየሁ ቁጥር ሬሳው እንደገና ከቤቴ ይወጣል።»

ትርፊት የጠቆሩ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች።

«አውቃለሁ እትዬ እታለም» አለችኝ። «ጎመን ቢሆንማ ከገበያ ገዝቼ እተካልሽ ነበር።»