ዝይዋ ገብስ ውስጥ ስትገባ

ልጄ የወፍ አስጎብኚ ሆና የመጀመሪያ እንግዳዋን ከብልባላ ከተማ ወዲያ፣ ለወፎች ወደተከለለው ትንሽ ሐይቅ ስትወስድ፣ አንሸራትቷት ውሃው ውስጥ እንዳትገባ ብዬ ተከተልኳት። የጥር ብርድ ያንቀጠቅጣል።

"እማዬ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ!" አለችኝ።

እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የደጋችንን ዝይ ሰማያዊ ክንፍ ለማየት ነው የመጡት፤ ሰማያዊው ደግሞ ካልበረረች አይታይም። ሐይቁ ዳር ያገኘናት ዝይ ግን ክንፏን አጣጥፋ ቆመች። እንግዳው ሳያዩ ቢመለሱ ለልጄ ሌላ እንግዳ ማን ይልክላታል? ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።

እኔም አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ዝይዋ ግን ቀስ ብላ ዳር ካለው የመስኖ ገብስ ገባች። ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ከአዝመራ ሳባርር ኖሬ ይህን እንዴት ልቻል?

"ሃይ! ውጪ ከሰው ገብስ!" ብዬ ጓል ወረወርኩ።

ዝይዋ ደንግጣ ተነሳች፤ ክንፏ ተዘረጋ።

"እማዬ!" አለች ልጄ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

"አየሁት! ሰማያዊውን አየሁት!" አሉ እንግዳው። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ "እትዬ፣ እነዚያን ወዲያ ማዶ ያሉትን ዝዮችስ አያስነሱልኝም?" አሉኝ።

ሌላ ጓል አንስቼ ልጄን አየኋት። ሳቋን እያፈነች፣ "በአፍሽ ብቻ! ጓሉን ጣይው" አለችኝ።