አባቴ መስቀልን ይዞልኝ የመጣ ለት

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በአሳላፊነት በሠራሁበት ሆቴል መጀመሪያ ላይ ብዙ ነበርን። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሸፍናል፤ ሥራ ሲበርድ ጓሮ ቁጭ ብለን እንሳሳቃለን። ኋላ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ጎረምሶቹን ወሰዳቸው። ያልተወሰዱትም ገሚሱ ወደ ስኳር ፋብሪካ፣ ገሚሱ ገጠር ዘመድ ዘንድ ሸሸ። እኔ ዕድሜዬ ስላለፈ ተረፍኩ። የቀረነው እኔ፣ አንድ ሌላ አሳላፊ፣ ከአንጋጫ የመጡት ወጥ ቤቷ፣ እና የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ነን። ሠራተኛው አለቀ እንጂ እንግዳው አልቀነሰም።

የዚያን ጊዜው ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ መንገድ ላይ "እንደምን አደርክ?" ሲለኝ "ምን ልታዘዝ?" ብዬዋለሁ። ወጥ ቤቷማ ሽንኩርት እየላጡ፣ ቢላው እጃቸው ላይ እንዳለ ያንቀላፉ ነበር።

እኛ አገር መስቀል ማለት ቤት መግባት ማለት ነው። የትም ያለ ሰው አባቱ ዘንድ ይገባል። የኔ አገር ዶዮገና ነው። ጎረቤታሞች ተዋጥተው በሬ ይጥላሉ፣ ሥጋውን ይከፋፈላሉ፣ ቆጮው ቅቤ ጠጥቶ ይጠብቃል። አባቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለያንዳንዳችን በእጁ ያጎርሰናል። ያልገባ ልጅ ካለ፣ ቤቱ ቢጠግብም አልጠገበም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ እሱ ብቻውን ነው። ያለፈው መስቀል ሥራ ላይ ስላለፈኝ፣ ይሄኛው እንዳያልፈኝ ገና በክረምቱ እትዬን ለመንኳቸው።

"ጓደኛህ ከሸፈነህ ሂድ" አሉኝ።

ጓደኛዬ፣ ያ ሌላው አሳላፊ፣ የጊምቢቹ አገር ልጅ ነው። እሱ ከበዓሉ በፊት እናቱን አይቶ ሊመለስ፣ እኔ ለበዓሉ ልሄድ ተስማማን። ሄደ። እዚያ ገበያ ላይ አፈሳ ነበር ተባለ። ተይዞ ይሁን ሸሽቶ እንጃ፣ አልተመለሰም።

እትዬ ዓይኔን ማየት ከበዳቸው። "እኔም አርጅቻለሁ፤ ሳህን ብይዝ ይወድቅብኛል። ምን ላድርግህ ልጄ?" አሉ። ለአንድ የዶዮገና ነጋዴ "አልመጣም ብለህ ለአባቴ ንገርልኝ" አልኩት።

የመስቀል ማግስት ሆቴሉ ጢም አለ። መኪና አጥተው የዘገዩ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሙዱላ የሚገቡ መንገደኞች ናቸው።

"አንተ አባት የለህም እንዴ፣ በመስቀል እዚህ የምትገኘው?" አለኝ አንዱ።

"ተወው፤ ይሄ የቤቱ ምሰሶ ነው። ከተነቀለ ጣራው ይወርድብናል" አለ ጓደኛው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሥራ ነው።

ቀትር ላይ ትሪ ይዤ ከወጥ ቤት ስወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ገሚሱን በእግሩ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና መጥቶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

"አልመጣም አልክ አሉ" አለኝ በከምባትኛ።

"ሰው የለም አባዬ።"

ወንበሩን ሁሉ ዞሮ አየና "ይሄ ሁሉ ታዲያ ምንድነው?" አለ።

ወንበር ብስብለት እምቢ አለ። "የሚከፍል ይቀመጥበት" ብሎ ወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ያዘ። ወጥ ቤቷ ጥቅሉን ፈተው ሥጋውን አሞቁለት።

"ና ቁጭ በል" አለኝ።

"አሳላፊ!" ይላል አንዱ። "ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!" ይላል ሌላው። እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ሁለቱም እጆቼ በሳህን ተይዘዋል።

አባቴ እጆቼን አየ። ከዚያ ሥጋውን በቆጮ ጠቅልሎ መንገዴ ላይ ቆመ።

"አፍህን ክፈት።"

"አባዬ፣ ሰው ያያል..."

"ይይ። ክፈት!"

ትሪ እንደያዝኩ አጎረሰኝ። እያላመጥኩ አድርሼ ስመለስ ሌላ ይዞ ይጠብቀኛል። ስወጣ ያጎርሰኛል፣ ስገባ ያጎርሰኛል። ቅቤው በአገጬ ይወርዳል፣ መጥረጊያ እጅ የለኝም፤ እሱ በጋቢው ጫፍ ይጠርግልኛል።

"አባባ፣ ለኛም እንጂ!" ብለው መንገደኞቹ ጮኹበት።

አባቴ በዚያ ከምባትኛ በተጫነው አማርኛው "የናንተም አባት ቤት አለ፤ ሂዱ!" አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከነሱ አንዱ ግን አልሳቀም፤ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

ጥቅሉ ሲያልቅ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። "ቆይ፣ ልሸኝህ" አልኩት። እኛ ዘንድ የመጣ ሰው ሳይሸኝ አይሄድም። ይህን ስል እንግዶቹ ጠሩኝ። አድርሼ ስመለስ በርጩማው ባዶ ነው።

"ሥራ ላይ ነው፣ አትጥሩት ብለው ሄዱ" አሉኝ ወጥ ቤቷ።

ደጅ ሮጬ ወጣሁ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ጋቢ የለበሰ ሁሉ እሱን ይመስላል።

ከዚያ በኋላ አብሬው ቁጭ ብዬ የበላሁበት መስቀል አልጠፋም፤ እግዜር ይመስገን። ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፣ የሚጠራኝ የለም፣ ጊዜ ሞልቶኛል። የሚናፍቀኝ ግን ያ ቀን ነው። ምነው እስከ ከተማው መውጫ ዳገት ድረስ ብሸኘው፤ መኪና እስኪመጣ አጠገቡ ቆሜ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ቢያወራኝ፣ እኔም ሳልቸኩል ባዳምጠው።