ሃያ ሦስት ጎድን

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽሮና በርበሬ የሚሸጠው ገብረመድኅን፣ የወንድ ልጅ ግራ ጎን አንዲት አጥንት ይጎድለዋል ብሎ ሠላሳ ዓመት አስተምሯል። በምሳሌ አልነበረም የሚያስተምረው፤ በቁጥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከኬላው ወዲያ፣ በኢትዮጵያ በኩል ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ ልጆቹ ድንበር ተሻግረው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ከዚያ እሱ ከሱቁ ጓሮ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይሰበስባቸዋል። ትምህርቱ ከሥነ ፍጥረት ሲደርስ ወንዶቹን ብድግ ያደርጋቸዋል።

«ቀኝ አሥራ ሁለት ነው። ግራስ? ቁጠሩ» ይላል።

ልጆቹ ጣታቸውን ጎናቸው ላይ እየሰደዱ ይቆጥራሉ። የሰው ጎድን ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነገር አይደለም። የላይኛው ይጠፋል፣ የታችኛው ይደበቃል፣ መሐል ላይ ይኮረኩራል። አንዱ ዘጠኝ ያገኛል፣ አንዱ አሥራ አራት። የኔታ ግን፣ ልጆቹ የሚጠሩት እንደዚያ ነው፣ አሥራ አንድ እስኪወጣ ድረስ ያስቆጥራቸዋል። አሥራ አንድ ሲወጣ «አያችሁ?» ይላል። ምን ያድርጉ፣ አዩ።

ጥያቄ አይወድም ነበር። አንድ እሑድ የጨርቅ ነጋዴው የእንድሪያስ ልጅ ኪዳነምሕረት፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እጇን አውጥታ «የኔታ፣ ፀሐይ ረቡዕ ከተፈጠረች፣ እሑድና ሰኞና ማክሰኞ በምን ታወቁ?» አለችው።

«ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። እሱም ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ዋለ፤ ግን መልስ የሌለውን ጥያቄ በ«ተቀመጪ» መመለስ ከራሱ መምህር የወረሰው ልማድ ነበር።

ልጅ ሆኖ ወሎ ውስጥ ቆሎ ለምኖ የተማረ ሰው ነው። ንባቡን ጨርሷል፣ ዳዊት ደግሟል፣ ዜማም ነካ ነካ አድርጓል። ትርጓሜ ቤት ሊገባ ሲል አባቱ ሞቱና ነጋዴ አጎቱን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወረደ። ትርጓሜ ቤት ሊቃውንቱ አንዲቱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍች የሚያወጡበት ነው። ገብረመድኅን በአጥሩ ሲያልፍ «አንድም» ሲሉ ሰምቷል፤ ከአጥሩ ግን አላለፈም። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል» የሚለውን አባባል ይወደዋል። ማንን እንደሚመለከት ግን አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም።

ሰው ሁሉ ሚስቱን «ግራ ጎኔ» ይላል። ገብረመድኅን ጤናዬን እንደዚያ ሲላት ግን ቆጥሮ ነው። ሱቁን አብረው የያዙት ሃያ ስድስት ዓመት ነው፤ እሱ ቆሞ፣ እሷ በባንኮኒው በግራው በኩል ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ። ደንበኛ ሲከራከረው እየሳቀች ነገሩን የምታበርደው እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ጉበቷን አሟት ሞተች። አፈር ሲመለስባት ገብረመድኅን በዝግታ «አጥንቴን መለስኩ» አለ። አጠገቡ የነበረ ሁሉ ቅኔ መሰለው።

ቅኔ አልነበረም። ይህ ሰው ለንስሐ አባቱ እንኳ ያልነገረው አንድ ነገር በሆዱ ይዟል። በትንሣኤ ቀን አጥንት ሁሉ ስፍራውን ሲፈልግ፣ ጤናዬ ውስጥ ያለችው የእሱ ጎድን የጎደለውን ጎን ፈልጋ ትመጣለች፤ እንደዚያ ነው ጤናዬ የምታገኘው። ለካህኑ ያልነገራቸው እንዳያርሙት ፈርቶ ነው። ሌላ መጽናኛ አልነበረውም።

ታዲያ በዚህ ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጧፍ ሊያወርድ ፈለገ። የጤናዬ በርጩማ እዚያው ነበረች። ከሞተች ወዲህ ግን ማንም እንዲቀመጥባት አይፈቅድም፤ እንኳን ሊረግጣት። የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ወጣበት። ሣጥኑ ተንሸራተተና በግራ ጎኑ ወደቀ፤ የወደቀው በርጩማዋ ጠርዝ ላይ ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ መሐዲ ቢላዋውን እንደያዘ ሮጦ ገባ። መሐዲ ሥጋ ሻጭ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሻይ የጠጡ፣ በሐዘን በደስታ ያልተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ ግን ቀምሶ አያውቅም። ክርስቲያኑ የሙስሊም ቢላ የነካውን አይበላም፣ ሙስሊሙም እንዲሁ። ገብረመድኅን አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ እንኳ ጀርባውን ለተሰቀለው ፍየል ሰጥቶ ነው። መሐዲ ቢላዋውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ቱክቱክ አስቆመና ሆስፒታል ወሰደው።

ራጅ ክፍል የተቀበለችው ኪዳነምሕረት ናት። አሁን ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ኮሌጅ የራጅ ሙያ እየተማረች ለልምምድ ወደ አገሯ መጥታለች። አንስታው ስታበቃ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

«ፖሌ፣ እግዜር ይማርዎት፣ የኔታ። ከግራዎቹ አንዷ ተሰንጥቃለች። ስምንተኛዋ።»

«ስምንተኛዋ» አለ። «እስቲ ግራውን ቁጠሪልኝ» አላት።

ፊልሙን ዝቅ አደረገችው። «ጥርት ብሎ አልወጣም፣ የኔታ። በደንብ አይቆጠርም።»

መዋሸት ከልጅነቷም አትችልበትም። ገብረመድኅን መነጽሩን አደረገና ፊልሙን ከእጇ ወሰደ። ወደ መስኮቱ ሄዶ በጣቱ ጫፍ ቆጠረ። አሥራ ሁለት። ምናልባት ቀኙን ይሆናል ብሎ ገለበጠው። አሥራ ሁለት። እንደገና ገለበጠው። አጥንቶቹ ግራና ቀኝ ትክክል ሆነው ቁጭ ብለዋል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አንገቷን ደፍታ ነገረችው። ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ የወንድ ጎድን ስንት ነው ብሎ ጠይቆ፣ እሷ በኩራት ብድግ ብላ ሃያ ሦስት ብላ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ «ሃያ ሦስት» እያሉ ጠሯት።

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«እማማ ጤናዬ ባረፉ በሁለተኛው ወር ነበር እኮ፣ የኔታ» አለችው።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጀሶ ታደርጉልኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃት። «ጎድን በጀሶ አይታሰርም» አለችው፤ «እየተነፈሱ ነው የሚድነው።»

ሁለት እሑድ ትምህርት አልነበረም። ልጆቹ መጥተው፣ የኔታ አሞታል ተብለው ተመለሱ። እውነት ነው፣ ሲተነፍስ ይወጋዋል። ያስተኛው ግን እሱ አይደለም። ልጅቷን ማሳፈሩ አንገበገበው። ለአዳም ብዙ አልተጨነቀም፤ አዳም ራሱን ይችላል። የሚያስጨንቀው የጤናዬ ነገር ነው። ጎኑ ሙሉ ከሆነ በምን ታገኘዋለች? ሰው ያውም በስድሳ አምስት ዓመቱ ሚስቱን ሁለት ጊዜ መቅበር አለበት?

በሦስተኛው ሳምንት አርብ መሐዲ ከስግደት ሲመለስ አግዳሚው ላይ አገኘው። ገብረመድኅን ፊልሙን ከቡናማ ፖስታው አወጣና አሳየው፤ በሆዱ የነበረውንም ሁሉ ነገረው። መሐዲ ፊልሙን ብዙም አላየው።

«ወላሂ፣ ገብሬ፣ ይኼን እኔ ዐውቃለሁ» አለ። «ዕድሜ ልኬን ፍየል ስበልት ነው የኖርኩት። ወጠጤውም ሴቷም አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ነው።»

«እና ሠላሳ ዓመት ዝም አልከኝ?»

«እኛም ሐዋ ከጎድን ናት ብለን ነው ያደግነው። ፍየል አዳም አይደለም ብዬ ተውኩት።» መሐዲ ሻዩን አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ደግሞ ጤናዬ አትንገረው ብላኛለች።»

ገብረመድኅን ዞሮ አየው።

«አንድ ቀን በዚህች አጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ መሐዲ የወንዱ ፍየል ጎድን ስንት ነው አለችኝ። ነገርኳት። እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ፣ አደራህን ለሱ እንዳትነግረው አለችኝ። ባንቺ ምክንያት ጎደልኩ እያለ ሲወደኝ ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩ ለምን ይሞላበታል አለች።»

ገብረመድኅን መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አለቀሰ፤ መሐዲም አብሮት ተቀመጠ። ትርጓሜ ቤት ደጁን ያልረገጠች ሴት፣ ያውም በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች፣ እሱ በአጥር ብቻ የሰማውን ነገር ዐውቃው ኖራለች። ጎድኑ ሙሉ እንደሆነ እያወቀችም ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። በትንሣኤም ቢሆን አጥንቱን ፈልጋ አይደለም የምትመጣው።

እሑድ ልጆቹን አስጠራ። ለኪዳነምሕረትም እንድትመጣ ላከባት፤ መጥታ ከኋላ ከዛፉ ግንድ አጠገብ ቆመች። ገብረመድኅን ፊልሙን ከፀሐይ ፊት ለፊት ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ልጆች፣ ቀኙም ግራውም አሥራ ሁለት ነው። እስከ ዛሬ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ኪዳነምሕረትንም በሰው አገር አሳፍሬያታለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። «ታዲያ መጽሐፉ ዋሸ፣ የኔታ?»

«መጽሐፉ ወሰደ አለ እንጂ ቁጠሩ አላለም። ቆጣሪው እኔ ነበርኩ።» ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆመ። ቀጥሎ ያለውን ቃል በሕይወቱ በሰው ፊት ብሎት አያውቅም። «አንድም» አለ። «አንድም፣ አዳም ሲነቃ የጎደለ ነገር ያለ መስሎት ጎኑን ዳሰሰ። ዞር ሲል አጠገቡ ተቀምጣለች። እንዲህም ይፈታል።»

ድምፁ ተሰበረና ግራ ጎኑን ያዘ። ልጆቹ ስብራቱ ያመመው መሰላቸው።

ኪዳነምሕረት ከኋላ ሆና፣ «የፀሐይዋስ ነገር፣ የኔታ?» አለችው። «አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ እኮ።»

ገብረመድኅን ሳቀ፤ መሳቁ ጎኑን ወጋው። ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ ገባና ከባንኮኒው ግራ ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ይዞ ወጣ። ከራሱ ወንበር አጠገብ፣ በግራው በኩል አስቀመጣት፤ ላይዋንም በእጁ ጠረገላት።

«ተቀመጪ» አላት፤ «አብረን እንፈልገው።»

የማን በርጩማ እንደሆነች ኪዳነምሕረት ታውቃለች። ትንሽ አመነታችና መጥታ ተቀመጠች።