የተሳለው ግድግዳ

ልጄ መሐንዲስ ናት። ሥራዋ ወንዝ በድልድይ ምሰሶ ዙሪያ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር ማስላት ነው። አሁን እንዲህ ሳወራው የተማርኩ እመስላለሁ እንጂ ያኔ ምኑም አይገባኝም ነበር። የማውቀው፣ አብሯት ይሠራ የነበረው ልጅ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ መሄዱን፣ ሲደውልላትም ድምፅዋ መለስለሱን ነው። ክፍሎቻችንን የሚለየው ስስ ግድግዳ ነው፤ እኔ ደግሞ የታመመው እግሬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

"ግድግዳውን ምን እናድርገው?" ትለዋለች፤ በደወለ ቁጥር ይኸው ነው። ቤት ሊሠሩ ነው ብዬ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ለጎረቤቴ ሹክ አልኳት። እሷ ደግሞ ወሬ አፏ ላይ አያድርም፤ በማግስቱ ልጄን መንገድ ላይ አግኝታ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቤቱ የት ሰፈር ነው?" አለቻት።

ልጄ እየሳቀች ገባች፤ አልጋዬ ጫፍ ስትቀመጥ ግን ሳቁ ጠፍቷል።

"እማዬ፣ የኮምፒውተር ግድግዳ እኮ ነው። የወንዙ ወለል እውነተኛ ግድግዳ ነው፤ የነካው ውሃ እዚያው ይቆማል። ወንዙን በሙሉ ማስላት ስለማይቻል ግን ጎንና ጎኑን የሆነ ቦታ ላይ እንቆርጠዋለን። ያንን ግድግዳ የሳልነው እኛው ነን፤ ውሃው ይንሸራተትበት ካላልነው ያለ ቦታው ይይዘዋል። እኔ ውሃውን እንዲይዝ አድርጌው ስሳሳት እሱ ነው ያየልኝ።"

"ሌላስ ምን ይልሻል?"

"ነይ ይለኛል። ሥራም አግኝቶልኛል።" የአንሶላውን ጫፍ ታፍተለትላለች። "አልችልም አልኩት። አንቺን ለማን ጥዬ?"

ለካ ናፍቆቱ ውስጥ ውስጧን ሲበላት የከረመው በእኔ ሰበብ ነው። ተናደድኩ። እህቴ አብረን እንኑር እያለች ስትለምነኝ ሰንብታለች፣ ልጄም ይህን ታውቃለች።

"ስሚ" አልኳት፣ "እኔ እውነተኛ ግድግዳ አይደለሁም። አንቺው ነሽ የሳልሽኝ።"

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ማታ ልጁ ሲደውልላት በግድግዳው በኩል አዳመጥኩ፤ "እመጣለሁ" ስትለው ሰማሁ። አለቀሰች። እኔም ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

አሁን በልጄ ክፍል ውስጥ እህቴ ታንኮራፋለች። ልጄ ሳታሰልስ ትደውላለች፤ በስልኩ መስታወት ፊቷን አያለሁ፣ ወፈር ብላለች። እኔን የናፈቀኝ ግን ያ በግድግዳ በኩል የምሰማው፣ ለእኔ ያልሆነው ድምፅዋ ነው። ዛሬም እሱ ይደውልበት በነበረው ሰዓት ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።