አንቺሆዬን የለየሁባት ክረምት

ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ክረምት ነው። ማጅራት ገትር ይዞኝ ከተነሣሁ ወዲህ ቀኝ ጆሮዬ ጨርሶ ተዘግቶ፣ ግራውም ቀን በቀን እየደከመ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ጠርታኝ ዝም ስል "ይቺ ልጅ ልቧ የት ነው?" ትል ነበር። እንደዚያ ብታስብ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።

ልቤስ የሙዚቃ ክበብ ነበር። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ ትምህርት ሲዘጋ ጋሽ ታደለ የሚባሉ መምህር ቤዝ ጊታር ያስተምሩን ነበር። ክፍሉ እርጥብ ሹራብና ባሕር ዛፍ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሌሎቹ ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ ለእኔ ግን የሩቅ ሹክሹክታ ነበር።

ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ትዝታንና ባቲን ቶሎ ያዝኩ። ያስቸገሩኝ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። የመጀመሪያ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አንቺሆዬ አራተኛው ላይ ትንሽ ዝቅ፣ አምስተኛው ላይ ትንሽ ከፍ ትላለች። ጣቴ አወቀው፤ ጆሮዬ ግን አልለይ አለኝ።

አንድ ቀን ጋሽ ታደለ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተጫወቱና፣ ዞር ብለው "የቱ ነው?" አሉኝ።

"አምባሰል።"

"አንቺሆዬ ነው። እንደገና።"

ሦስቴ ተሳሳትኩ። "ልብሽ ከሌለ አላስገድድሽም" ብለው ጊታሩን ሊሰቅሉ ሲነሡ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ ጆሮዬ እየጠፋ ነው። ሳይዘጋ ልያዘው ብዬ ነው።"

ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ከዚያ ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርገው አገጬን ከእንጨቱ አስነኩና ክሩን መቱት። ድምፁ በጥርሴ ገብቶ ደረቴ ድረስ ነዘረኝ።

በማግሥቱ ለእናቴ ነገሯት። ጸበል ወሰደችኝ፣ ባሕር ዳርም ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ያለውን አልሰማሁም፤ የእናቴን ፊት አይቼ ተረዳሁ።

እንደተመለስን ወደ ክበቡ ሮጥኩ። ጋሽ ታደለ እንደ ያኔው አገጬን ከጊታሩ አስነክተው አራቱንም ቅኝቶች እያቀላቀሉ ተጫወቱልኝ። በዚያ ቀን አንቺሆዬን ለየኋት። እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው፤ ጣታቸው እስኪቀላ ደጋገሙልኝ። መስከረም ሳያልቅ ግራ ጆሮዬም ተዘጋ።

አሁን እዚያው ከተማ ልብስ እሰፋለሁ። ልጄ ስትዘፍን ጎረቤት ሥራውን ትቶ በር ላይ ይቆማል። ያኔ አራት ቅኝት ለማትረፍ ስጣደፍ፣ ገና ያልተወለደ ድምፅ እንደሚያመልጠኝ አላሰብኩም። "በየትኛው ቅኝት ነው የዘፈንሽው?" እላታለሁ፤ በስልኳ ጽፋ ታሳየኛለች። ቅኝቱን ወዲያው አስታውሰዋለሁ። የእሷን ድምፅ ግን ከየት ላምጣው?